ሲስተር ዘሃራ እና የእግሬ መቃብር

ሲስተር ዘሃራን ለምታውቁ ሁሉ፣ በእሳቸው እጅ ለቆማችሁና በእሳቸው ቁጣ ለተራመዳችሁ፤ ሲስተር ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አሶሳ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። እኔ የሰማሁት ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ነው። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ እያጠፋሁ ነበር። ስማቸው ሲጠራ ዳስተሩ ከእጄ ወደቀ። ተማሪዎቼ ሊያነሡልኝ ተሯሯጡ፤ እኔ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና መራመድ ጠፋኝና ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቀበርናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በርታውም ሽናሻውም፣ እንደ እኔ በምደባ መጥቶ እዚሁ የቀረውም ወጣ። የሚያነክሰው ሰው ብዛት! በምርኩዝ የሚሄደው፣ በሰው ሠራሽ እግር የሚሄደው፣ አንድ ጎኑን እየጎተተ የሚሄደው ሁሉ በእግሩ ነበር የመጣው። መኪና ያለው ሰው «ላድርሳችሁ» ሲለን እንኳ እሺ ያለ አልነበረም። ሲስተርን የማያውቅ እንግዳ ያን ሰልፍ ቢያይ ማን እንደ ተቀበረ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

የሞተን ሰው ሁሉ ደግ ነበር ማለት ልማዳችን ነው። እኔ ግን ከደግነታቸው አልጀምርም፤ ሲስተር ዘሃራ ቁጡ ነበሩ። አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ እንባውን አይጠርጉለትም፤ ምርኩዙን ያቀብሉታል። «እንባ መሬት አይገፋም» ይሉ ነበር። ከነጭ ጋውናቸው በላይ ቶብ የሚሉትን ረጅም ደማቅ ጨርቅ ጣል አድርገው በኮሪደሩ ሲመጡ፣ ተኝተን የዋልነው ሁሉ የተነሣን ለመምሰል እንሯሯጥ ነበር።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅሁት ክልሉ ገና አዲስ በሆነበት ዘመን ነው። ያኔ አንዳንዱ ቢሮ ከስሙ በቀር ምንም አልነበረውም፤ ወንበሩ ሲመጣ ጠረጴዛው አይመጣም፣ ጠረጴዛው ሲመጣ ኃላፊው ይዛወራል። ከየክፍለ ሀገሩ ተመድበን የመጣን ሠራተኞች በየመማሪያ ክፍሉ ፍራሽ አንጥፈን እናድር ነበር። እኔ ከጎጃም የመጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ቶንጎ ላይ ሊከፈት የታሰበ ትምህርት ቤት እንዳይ ተላክሁና ከባምባሲ አልፈን ስንሄድ መኪናችንን ጭቃ ያዘው።

ጎማው እዚያው ይሽከረከራል እንጂ ፈቀቅ አይልም። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጎማው የሚገፋው ነገር አጥቷል፤ ድንጋይ ፈልጉልኝ!» አለ። እኔ ፈጣን ነኝ ባይ ነበርኩና ቀድሜ ከመንገዱ ወጣሁ። ሣሩ ውስጥ ደህና ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። እጄን ዘርግቼ ግራ እግሬን አስቀደምኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው። ከቀድሞው ጦርነት የተረፈ ፈንጂ ነበር።

ስነቃ አሶሳ፣ ሲስተር በነርስነት በሚሠሩበት አነስተኛ የሕክምና ግቢ ውስጥ ተኝቻለሁ። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የለም። የሌለ እግር እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል፤ ላልደረሰበት ግን ምንም ያህል ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል። ጣቶቼ ተቆልምመው ነበር። ላቃናቸው እታገላለሁ፣ እነሱ ግን የሉም። ከሕመሙ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነበር፤ እግሬ እዚያው ድንጋዩ አጠገብ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ሊረግጥ ነው፣ አልረገጠም። ስበላ ሊረግጥ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሊረግጥ ነው። ጩኸቴን ውጬ እጠብቃለሁ።

ሲስተር ምርኩዝ ይዘው መጡ። ከመሃል አገር ይመጣል የተባለው ምርኩዝ አልመጣ ሲል፣ ቀርቀሃ አስቆርጠው ጫፉን በጎማ ቁራጭ አልብሰው ያሠሩት ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያዝኩት። ወለሉን ሲነካ ግን ላብ አጠመቀኝ፤ ወረወርኩት። ሲስተር አንሥተው አቀበሉኝ። እንደገና ወረወርኩት።

«ምንድነው የምትፈራው መምህር?» አሉኝ።

«መሬቱን» አልኳቸው። ሳይስቁ ሄዱ።

በማግስቱ የግቢውን ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች እየገፉ መጡ። አንዱ ላይ እኔን አስቀመጡ፤ ሌላው ላይ ራሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እግራቸውን ከወለሉ አንሥተው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉና «ግፋኝ» አሉ። በንዴት ገፋኋቸው። እሳቸው ወደ ኋላ ሄዱ፤ እኔም ወደ ኋላ ሄጄ ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ።

«እኔ ገፋሁህ?»

«አልገፉኝም።»

«ታዲያ አንተ ለምን ሄድክ? የኔ እጅ ዝም ብሎ ነው የቆመው። አንተ ገፋህ፤ በገፋኸው ልክ ተገፋህ። ለብቻ መግፋት የሚባል ነገር የለም መምህር። ግድግዳ ስትገፋ ግድግዳ ይገፋሃል። መራመድም ይኸው ነው። እግር መሬትን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሬት ሰውን ወደ ፊት ይገፋል። ሰው የሚሄደው መሬት ስለሚገፋው ነው። አንተ ካልጀመርክ ግን እሱ አይጀምርልህም።»

«ቢጨምርስ?» አልኩ።

«አይጨምርም፤ አይቀንስም። ልክ በልክ ነው የሚመልሰው።»

ያን ጊዜ ነው የገነፈልኩት። «ሲስተር፣ እኔ አንድ ጊዜ ረገጥኩት። የመለሰልኝን እያዩት ነው!» ብዬ የተቆረጠውን እግሬን አሳየኋቸው።

ሲስተር ወንበራቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ተጠግተውኝ ጉልበቴን ያዙ። «ያ መሬት አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ሰው ነው። ሰው ደብቆት የሄደውን በመሬት አታሳብብ።»

ነገሩ ለጭንቅላቴ ገባው። ለሰውነቴ ግን አልገባውም። ምርኩዙ መሬት በነካ ቁጥር ያ እግር አየር ላይ ሆኖ መጠበቁን ይቀጥላል። ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው፣ እኔም ቆሜ ካላየሁት አላምንም ነበር፤ ችግሩ ለመቆም ደግሞ ማመን ያስፈልግ ነበር።

የሲስተርን አሠራር ያየሁት ያን ሰሞን በመስኮት ነው። ሰውን አንድ ዓይነት ወለል ላይ ብቻ አያስለምዱም። አንድ ቀን ሲሚንቶውን በሳሙና ውሃ አርሰው በዚያ ላይ ያስኬዳሉ። «እዚህ ላይ በኃይል አትግፋ፤ የሚያዳልጥ ነገር መገፋት አይቀበልም፤ መገፋት ካልተቀበለ ደግሞ አይገፋህም። ረጋ ብለህ፣ ቀጥ አድርገህ ተጫነው» ይላሉ። ሌላ ቀን ጠጠር፣ ሌላ ቀን ጭቃ። ማንጎ በሚረግፍበት ወቅት ደግሞ ግቢው በበሰበሰ ማንጎ ሲሞላ፣ ጠራጊዋ ልትጠርግ ስትል ይከለክሏት ነበር። «መንገድ ላይ ማን ይጠርግለታል?» ብለው።

አንዲት የበርታ እናት ነበረች፤ ዳሌዋ ተሰብሮ የተጠገነ። ያለ ምርኩዝ ጥቂት መራመድ ስትጀምር ሁላችንም አጨበጨብን። ሲስተር ግን አላጨበጨቡም። ከቤቷ ድረስ ሰው ልከው መሸከሚያዋን አስመጡ፤ ያንን ትከሻ ላይ ተጋድሞ ጫፍና ጫፉ ላይ ሸክም የሚንጠለጠልበትን እንጨት። «እሷ ቤቱ ሲገባ ውሃ ይቀዳል፤ ሳይሸከም መሄድ ምን ያደርግለታል?» አሉ። አማርኛ ለሲስተር ሁለተኛ ቋንቋቸው ነበርና ሴቱን ወንድ ሲያደርጉት የአማርኛ መምህሩ ጆሮዬ ይቆም ነበር። በኋላ ግን ለመድኩት፤ ኋላም ወደድኩት። ሴትየዋ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ጠጠሩን ስትሻገር ሲስተር ከጎኗ ጎንበስ ብለው እግሯን ብቻ እያዩ አብረው ይሄዱ ነበር። ከዳር ስትደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያኔ ማልቀሳቸውን አየሁ፤ አየሁ ብዬ ግን አልነገርኳቸውም።

ይህ ሁሉ ግን ለእኔ ምንም አልሠራልኝም። ጣቶቼ ይበልጥ ተቆለመሙ። አንድ ማለዳ ሲስተር ወደ ክፍሉ ሲገቡ «እግሬ የት ነው?» አልኳቸው። ማንንም እንደዚያ ጠይቄ አላውቅም ነበር። «ቆርጣችሁ የት ጣላችሁት? ውሻ በላው? ጉድጓድ ገባ? ያለበትን ካላወቅሁ አልነሣም።»

ሲስተር አይተውኝ ወጡ፤ በማግስቱም ብቅ አላሉም። በሦስተኛው ቀን መጥተው ከአልጋዬ አጠገብ ቆሙና «እግርህ ተቀብሯል። ሼህ ኢድሪስ ነው የቀበረው» አሉኝ።

ሼህ ኢድሪስ የግቢው ጥበቃ ነበሩ። ሼህ የሚባሉት ለዕድሜያቸውና ለጸሎታቸው ሲባል ነው። በአገሬው ዘንድ ከሰው አካል የተለየ ነገር አይጣልም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራል። እሳቸው በተለይ በዚህ አይቀልዱም፤ ከግቢው ጀርባ ባለው የመቃብር ስፍራ ልጆች ሲሯሯጡ ካዩ በድንጋይ ያባርሩ ነበር።

«ልየው» አልኩ።

«እኔ አልሸከምህም» አሉ ሲስተር። «እግርህ ነው፤ በራስህ ሂድለት።»

ምርኩዙን ያዝኩ። ያን ቀን መሬቱን አልፈራሁትም አልልም። ፈራሁት፤ ግን ከፍርሃቴ ማዶ የራሴ ሥጋ ነበረ። ከኮሪደሩ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ጓሮው፣ እየወደቅሁ፣ ሲስተርም ሳያነሡኝ እየቆሙ እየጠበቁኝ ደረስኩ። ከማንጎው ሥር ትንሽ የአፈር ጉብታ አለ። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮለታል። ሼህ ኢድሪስ አጠገቡ ቆመው ዱዓ አደረጉ። እኔም በበኩሌ አማተብኩ።

«ላዩ ላይ ቁም» አሉኝ ሲስተር።

«መቃብር ላይ?»

«የራስህ ነው። ቁምና ግፋ። እግርህ ከታች ነው ያለው። አንተ ከላይ ስትገፋው እሱ ከታች ይገፋሃል። እሱ አይጎዳህም።»

ምርኩዙን ጉብታው ላይ ተከልኩ። ቀኝ እግሬን አስከተልኩ። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት። መለሰልኝ። በብብቴ፣ በትከሻዬ፣ በጀርባዬ በኩል ሽቅብ ሲመጣ ተሰማኝ፤ የማውቀው ሰው ከታች ሆኖ እንደሚደግፈኝ ያህል። ያ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቀው እግር ረገጠ። ምንም አልፈነዳም። ጣቶቼ አንድ በአንድ ተፈቱ፤ እኔም እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሰው ሠራሽ እግር መጣልኝ፤ ወደ ትምህርት ቤቴ ተመለስኩ፤ ጎጃሜ ነኝ እያልኩ አሶሳ ላይ አረጀሁ። ያ ጉብታ ግን አልተለየኝም። ጣቶቼ መቆልመም ሲጀምሩ እሄዳለሁ፤ ላዩ ላይ እቆማለሁ፤ ይለቀኛል። ክረምት ሲያልፍ አፈሩ ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ከአጠገቡ ዝቄ እሞላዋለሁ። ለሚስቴም ለልጆቼም አሳይቻቸዋለሁ። ስሞት ከእሱ ጋር ቅበሩኝ እስከ ማለት ደርሼ ነበር። ሲስተር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከክፍላቸው መስኮት ሆነው ያዩኝ ነበር። ስንገናኝ ስለዚያ ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም።

ሲስተር በቅርቡ ታመው ሕመሙ ሲጠናባቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። እግራቸው አብጦ መቆም አቅቷቸዋል። «እኔም ተኛሁ፤ ተቆጣኝ እንጂ» ብለው ቀለዱ። ሳቅሁ፤ መቆጣት ግን አልሆነልኝም። ልወጣ ስነሣ እጄን ያዙ። «እዚያ ቦታ አሁንም ትሄዳለህ?» አሉኝ። እሄዳለሁ አልኳቸው። ሊሉኝ የፈለጉት ነገር ነበረ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እጄን ለቀቁና «ቀጥ ብለህ ቁም» አሉኝ።

ከቀብሩ መልስ ለቀስተኛ ከተቀመጠበት ዳስ ሥር ሼህ ኢድሪስን አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። በአረማመዴ ድምፅ ለዩኝና «ኡስታዝ፣ ና እዚህ ቁጭ በል» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አማና፣ አደራ ነበር» አሉ፤ የእሳቸውም አማርኛ እንደ ሲስተር ሴቱን ወንድ ያደርገዋል። «ዘሃራ እኔ ላይ አማና አስቀምጦ ነበር፤ በሕይወት እያለሁ አትናገር ብሎ። አሁን እሷ ሞተ፤ እኔም ልሞት ነው። ውሸት ይዤ አላህ ፊት መሄድ አልፈልግም። ኡስታዝ፣ እዛ ምንም የለም።»

«የት?»

«ማንጎው ሥር። እግር የለም። ወላሂ እግር አልመጣም። አንተን በመኪና ሲያመጡህ እግር አልነበረም፤ መንገዱ ላይ ነው የቀረው፤ የሚለቀም ነገር አልተረፈም። ዘሃራ መጥቶ አፈር ቆልልልኝ አለኝ። እኔ እንዴት ባዶ መቃብር እሠራለሁ አልኩት። እሷ ደግሞ ‹እግሩ መሬት ውስጥ ነው፤ የትኛው መሬት እንደሆነ ምን ያደርግለታል?› አለኝ። ቆለልኩ።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መቃብር የረገጠ ልጅ በድንጋይ የሚያባርሩት እኚህ ሰው እኔ ጉብታው ላይ ስቆም አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ ተቆጣሁ። የመቃብራቸው አፈር ገና ሳይደርቅ ተቆጣኋቸው። ያን ሁሉ ዘመን ማንን ስረግጥ፣ ከማን ጋር ስነጋገር፣ ለማን አፈር ስሞላ ነው የኖርኩት? ልጆቼን አስከትዬ ባዶ አፈር አሳይቻለሁ። ከዳሱ ሥር ተነሥቼ ቤቴ ስደርስ ጣቶቼ ተቆልምመው ነበር። ያ እግር ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ተመልሶ አየር ላይ ወጣ፤ ያው ሣር፣ ያው ጠፍጣፋ ድንጋይ። ሊረግጥ ነው፣ አልረገጠም። የምሄድበት ጉብታ ደግሞ ከእንግዲህ የለኝም ብዬ አሰብኩ።

ሲስተር ዘሃራ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእርስዎ ነው የምናገረው።

በማግስቱ ማለዳ ከትምህርት በፊት ወደ ማንጎው ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት ድንጋዮቹን ልበትናቸው ይሆናል። ከጉብታው ዳር ቆሜ ብዙ አሰብኩ። እዚያ ታች ማንም የለም። ያ የደገፈኝ ወገን፣ ያ ሽቅብ የገፋኝ ሥጋዬ፣ አንድም ቀን እዚያ አልነበረም። እርስዎ ጡረታ እስኪወጡ ከመስኮት ሆነው ያዩት የነበረው በባዶ መሬት ላይ የሚቆም ሰው ነበር። እንዴት ቻሉት? የእኔን አንድ ጉብታ ብቻ እንኳ እንዴት ተሸከሙት? ያን ቀን በሕመም አልጋ ላይ ከንፈርዎ ላይ የቀረው ነገር ይህ እንደ ሆነ አሁን ገባኝ። ያልነገሩኝ እንዳልወድቅ ፈርተው ነው። ቁጣዬም ያኔ በረደ።

ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ወጣሁበት። ምርኩዝ አልያዝኩም። ተጫንኩት፤ ፈርቼ፣ ሙሉ ክብደቴን ሰጥቼ። ያዘኝ። ጣቶቼ ወዲያው አልተፈቱም፤ እስካሁንም አንዱ እንደ ታጠፈ ነው። እኔ ግን አልወደቅሁም። ድንጋዮቹንም አልበተንኳቸውም። ከዚያ የክፍለ ጊዜው ደወል ደርሶብኝ ወደ ትምህርት ቤቴ ሄድኩ።

ለሄደ ሰው አፈሩን ገለባ ያድርግልህ እንላለን። ለእርስዎ ይሁንልዎ ሲስተር፤ ገለባ ያድርግልዎ። ከእኔ እግር በታች ያለውን ግን እንዳጠነከሩት ይተዉልኝ።